ከአርባ ዜሮ ያመጣው ልጅ

አልፏል! ሙጀሂድ አልፏል ነው የምላችሁ! ሰባ አንድ አምጥቶ፣ ባቹን በሙሉ በልጦ ካለፈ በኋላ «እኔም ወድቄያለሁ» ብሎ ዋሽቶ፣ ሰባት ወር ሙሉ ከሞጣ ቢቸና እየተመላለሰ ለእሱ የማያስፈልገውን ፈተና አብሯት ሲያጠና ከረመ! ለማን ብሎ? ለሂዳያ ብሎ ነዋ! ይሄን እንኳ ወደ መጨረሻው አካባቢ ነበር መናገር የነበረብኝ፣ ግን ማን ይችላል? በቃ አሁን ረጋ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ነገሩ እንደሰማችሁት ጣፋጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሂዳያ ይሄን ሁሉ ባላለቀሰች ነበር። ደግሞ በመሃል እየሳቀች!

ሂዳያ የቢቸና ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ሐምዱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ሙጀሂድ ደግሞ የሞጣው የሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ልጅ ነው። ሞጣ ላይ ጨርቅ በጣቃ በጣቃ የሚያከፋፍሉት ሐጂ! የእሷ አባት የሚሰፉት ጨርቅ ራሱ ከእሱ አባት መጋዘን የወጣ ነው። ሐጂ ለትልቁ ልጃቸው የባሕር ዳር ነጋዴ ልጅ ነው ያመጡለት። ለሁለተኛው ለሙጀሂድም የሌላ ነጋዴ ልጅ ሳያስቡለት አልቀሩም። የልብስ ሰፊ ልጅ? እንጃ!

የተገናኙት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፊዚክስ ዲፓርትመንት። ፊዚክስ ደግሞ ታውቁት የለ፣ ሰው መርጦ የሚገባበት አይደለም፣ ሌላው ሲሞላ የሚመደቡበት ነው። ሂዳያ አሥራ አንደኛ ምርጫዋ አድርጋ ሞልታው ነበር፤ ደረሳት። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ልጆች ነበሩ። ሃያ ሁለቱ ተመድበው፣ አንዱ፣ ሙጀሂድ፣ መርጦ።

«አንተ ግን ጤነኛ ነህ?» አለችው የመጀመሪያው ላብ ቀን፣ በስም ተራ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሳቸው። «ማን ፊዚክስ ይመርጣል?»

«አንቺን ማን አስገደደሽ?»

«ኮምፒዩተሩ!»

ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ዓይኑ ነው የሚስቀው፣ አፉ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ያን ቀን ክር ላይ ብረት አንጠልጥለው ሲወዛወዝ መቁጠር ነበረባቸው፤ እሱ ይቆጥራል፣ እሷ ሰዓት ትይዛለች። አሥራ ምናምን ላይ ሲደርሱ ቀና ብላ አየችው፣ እሱም አያት።

«ስንት ደረስን?» አለች።

«እኔ እንጃ።»

አምስት ጊዜ ደገሙት። አምስቱንም ጊዜ ቁጥሩ ጠፋቸው። ከዛ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ላብ ፓርትነር ሆኑ። የእሷ ጽሑፍ ስለሚያምር የሪፖርቱን ሽፋን የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ የሁለቱን ስም ከላይ፣ የሁለቱን መታወቂያ ቁጥር ከታች። የእሱን ቁጥር ከእናቷ ስልክ በላይ ታውቀዋለች።

ዋናው ነገር የመጣው በመጨረሻው ዓመት፣ የኤግዚት ፈተና ሲደርስ ነው። አራት ዓመት ተምረሽ ያን አንድ ፈተና ካላለፍሽ ዲግሪ የለም፣ ጋውን የለም፣ ምንም የለም። በዋዜማው ላይብረሪው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሂዳያ ድንገት ኮስተር አለች።

«ስማኝ፣ አንተ አልፈህ እኔ ከወደቅኩ በቃን።»

«ምን ማለት ነው በቃን?»

«በቃን ነዋ። አባትህ ቤት ‹የወደቀችዋ የልብስ ሰፊው ልጅ› ተብዬ አልገባም። ያኔ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ፣ ስልክም እንዳትደውልልኝ። ወላሂ አላነሳም።»

እሱ የቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ቀስ ብሎ መሳቁን ተወ፣ ሁለቱም ስለ ነገ ፈተና ሳይሆን ስለዚያች «በቃን» እያሰቡ ተለያዩ።

ውጤት ወጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሂዳያ አርባ ሰባት!

ለሙጀሂድ የጻፈችለት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ «47»። አየው። ዝም አለ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ስልኳን ገልብጣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። በቃ አልፏል ማለት ነው፣ እንዴት ብሎ እንደሚነግራት ጨንቆት ነው ብላ ስትደመድም መልእክቱ ገባ።

«እኔም ወድቄያለሁ። 46።»

ከእሷ በአንድ ያነሰ! እና ሂዳያ ምን እንደተሰማት ታውቃላችሁ? ደስ አላት። የሚወዱት ሰው ሲወድቅ ደስ ይላል? ደስ አላት! ከዛ አፈረች፣ ከዛ አለቀሰች፣ ከዛ «አብሽር፣ አብረን እናጠናለን» ብላ ጻፈችለት። እንባዋ የእፎይታ ይሁን የሐዘን ለራሷም አልለየላትም።

ጥናቱ ቢቸና፣ አባቷ ሱቅ ሆነ። ጋሽ ሐምዱ ፈቀዱ፣ ግን በራቸው ተከፍቶ፣ እሳቸውም ባሉበት። የስፌት መኪናዋ በር ጋ ናት፣ ልጆቹ ከኋላ ጣቃዎቹ ሥር በርጩማ ላይ። እና ምን ይሆናል መሰላችሁ? ሁለቱ ዝም ሲሉ መኪናዋም ዝም ትላለች!

«ምነው?» ይላሉ ጋሽ ሐምዱ ዞር ሳይሉ። «ፊዚክሱ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም ጋሽ ሐምዱ! ቴርሞዳይናሚክስ ላይ ነን!» ይላል ሙጀሂድ እንደ አዛን ጮክ ብሎ። መኪናዋም ትቀጥላለች። ስለዚህ መተያየት ሲፈልጉ አንዳቸው ሞጁሉን ጮክ ብለው ማንበብ ነበረባቸው። ሂዳያ ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ዓይኑን እያየች ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አላህ ነው የሚያውቀው።

መንገድ ሲዘጋ በስልክ፣ ሲከፈት እሑድ እሑድ በሚኒባስ። ሁሉም ነገር ላይ እሱ ይሻላታል፣ አንድ ነገር ላይ በቀር። ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ በአጭሩ ኢኤም!

«ኢኤም አይገባኝም» አላት ገና በመጀመሪያው እሑድ። «የጣለኝ እሱ ነው። አንቺ ካላስተማርሽኝ አለቀልኝ።»

ሂዳያ ኢኤም ደህና ናት። አስተማሪ ሆና አታውቅም ነበር፤ ሆነች! ሰውነቷ ሁሉ ተቀየረ። በነጭ ጠመኔ የጣቃ ማስቀመጫው ሳንቃ ላይ እየጻፈች፣ «አይደለም፣ እንደገና!» እያለች፣ እሱ ደግሞ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። ወደ ማታ ወደ ሞጣ ሲሄድ እሷ ትንሽ ረዝማ የቀረች ይመስላታል።

አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች። የምርቃቱ ቀን። ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ ዶርም አብራት የነበረችው ሰብለ ወንጌል ፎቶ ላከችላት፣ ጋውን ለብሳ፣ ቆብ ወደ ሰማይ ወርውራ። ሂዳያ ስልኩን ለሙጀሂድ አሳየችውና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አንተም እዚህ መሆን ነበረብህ» አለችው።

«እዚህ ነኝ እኮ» አላት። «የት ሄድኩ?»

ያኔ የማጽናኛ ነበር የመሰላት።

አሁን ዜሮው ጋ ደረስን! ፈተናው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሂዳያ አንድ ነገር አሰበች። እስከዛ በቃል ነበር የሚጠያየቁት፤ አሁን ግን በወረቀት እንፈተን አለች። ከሞጁሉ አርባ የኢኤም ጥያቄ መረጠች፣ አራት አራት ምርጫ ያላቸውን፣ እሱም ቁጭ ብሎ ሠራና የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠው ወረቀቱን ሰጥቷት ሮጠ።

እሷ ማረም ጀመረች። አንድ፣ ኤክስ። ሁለት፣ ኤክስ። አሥር ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች፤ ሰባት ወር ያስተማርኩት ይሄን ነው? ሃያ። ሠላሳ። አርባ። አንድም አላገኘም!

ሂዳያን «ሂዲ» እያለች የምትጠራት እህቷ ዘሚራ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ዕቃ እያጠበች ነበር። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?»

«ከአርባ ዜሮ አመጣ።»

ዘሚራ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ወረቀቱን ነጠቀቻት። «ዜሮ? ያ የሐጂ ልጅ? ሂዲ፣ እኔ ፊዚክሱን ሳላየው ዓይኔን ጨፍኜ ብመልስ እበልጠዋለሁ!»

«አፍሽን ዝጊ።»

«ነይ እንወራረድ!» ብላ እውነትም ዓይኗን ጨፈነች። ሂዳያ ቁጥር ስትጠራ እሷ «ቢ! ዲ! ዲ! ኤ!» ትላለች፣ እየሳቀች፣ አንዳንዴም እያዛጋች። ታረመ። ዘሚራ አሥራ አንድ አገኘች!

«አየሽ?» አለች ዘሚራ እየዘለለች። «ዲግሪዬን ስጡኝ!»

ሂዳያ ግን አልሳቀችም። አሥራ አንድ። እህ። አራት ምርጫ ካለ ዝም ብሎ የሚገምት ሰው እንኳ ከአርባው አሥር ገደማ ያገኛል። አንዱን የመሳት ዕድሉ ከአራት ሦስት ነው። አርባውንም መሳትስ? ስልኳን አወጣችና ያንን አርባ ጊዜ አባዛችው። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ አንድ። ከመቶ ሺህ አንድ!

የማያውቅ ሰው አንዳንዴ ሳያስበው ያገኛል። አርባውንም የሚስተው፣ አርባውንም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የውጤት ማያውን ገጽ ከፈተች። ሰባት ወር አንድ ቀን እንኳ ልየው ብላ አስባ አታውቅም፤ ለምን ታስባለች? የመታወቂያ ቁጥሩን ሳትቆም ጻፈችው። ገጹ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ከዛ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ መጣ። ሰባ አንድ። አልፏል።

«ምንድነው? ምን አገኘሽ?» አለች ዘሚራ፤ አንገቷን አስግጋ አነበበችና አፏን በእጇ ያዘች። «ሱብሃነላህ! ሂዲ፣ ይሄ እኮ... ይሄ እኮ ፊልም ነው! እንዴት ነው የሚወድሽ በአላህ!»

ሂዳያ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋን አቋረጠች። ጋውኑ ትዝ አላት። «እዚህ ነኝ እኮ» ያለው ትዝ አላት። የሆነ ዩኒቨርሲቲ ለፊዚክስ ረዳት መምህር ፈልጎ ያወጣውን ማስታወቂያ ራሷ አሳይታው «ብናልፍ ኖሮ» ስትለው፣ እሱም እንደ እሷ ተክዞ «ብናልፍ ኖሮ» ማለቱ ትዝ አላት። እና ያ ሁሉ «አይደለም፣ እንደገና!» ስትል የነበረው፣ ጠመኔው፣ ሳንቃው... ለካ ሲያዳምጣት የነበረው ባቹን የበለጠ ልጅ ነው! ፊቷ በእፍረት ጋለ። መወደድ እንዲህ ያሳፍራል እንዴ? ዘሚራ ታቅፋት ጀመር፣ እሷ ግን የሚያቅፏት ለደስታ ይሁን ለለቅሶ አላወቀችም።

ሳምንቱን ሙሉ ሲደውል «ደህና ነኝ» ብቻ አለች። እሑድ መጣ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ሞጁሉን ገለጠ፣ ጋሽ ሐምዱ መኪናቸውን እያንኳኩ ነው።

«ከመጀመራችን በፊት ጥያቄ አለኝ» አለች ሂዳያ ጮክ ብላ።

«በይ እሺ፣ መምህርት።»

መምህርት! እሷ ቀጠለች። «አንድ ተማሪ ሰባ አንድ አምጥቶ ሳለ ‹አርባ ስድስት ነው ያመጣሁት› ካለ፣ ስህተቱ ስንት ፐርሰንት ነው?»

መኪናዋ ቆመች።

ሙጀሂድ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ጋሽ ሐምዱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አንዴ ልጁን አንዴ ልጃቸውን አዩና ተነሡ። «እኔ ዙሁር ልስገድ» አሉ። ገና ረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፣ ዙሁር ደግሞ የቀትር ሶላት ነው! በሩን ወለል አድርገው ትተውት ወጡ።

«መቼ አወቅሽ?» አለ።

«ሳምንቴ።»

«ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ?»

«አንተ ሰባት ወር ዝም አልክ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «የምርቃትህን ቀን እዚህ በርጩማ ላይ! እኔ ስለራሴ ሳለቅስ አንተ እያየኸኝ! እናትህስ? እናትህ ምን ብለው ነው ያሳለፉት?»

«እናቴም ወድቋል ነው የምታውቀው።»

«አባትህስ?»

ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባቴ? ደንበኛ በገባ ቁጥር ‹ይሄ ልጄ አራት ዓመት የመንግሥት ዳቦ በልቶ ባዶ እጁን የመጣ ነው› እያሉ ያስተዋውቁኛል። ለምጄዋለሁ።»

«ማን ለመነህ?» አለች። «ንገረኝ፣ ማን ለመነህ? እኔ ውረድልኝ አልኩህ? አንተ እኮ እኔ መውጣት እንደማልችል ቆርጠህ ነው የወረድከው!»

«አይደለም!»

«ምንድነው ታዲያ?»

«ያን ቀን ‹አልፌያለሁ› ብልሽ፣ ስልኬን ታነሺ ነበር?»

መዋሸት አልቻለችም፤ ከሁለቱ አንዳቸው እንኳ እውነት መናገር ነበረባቸው። «አላነሳም ነበር።»

«እኮ።»

«እኮ ምን? አለማንሳት መብቴ ነበር! አንተ ነህ መብቴን የወሰድከው!» ብላ ሳንቃው ላይ የነበረውን ጽሑፍ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ኢኤሙስ? ስለፈልፍ በልብህ ስትስቅብኝ ከረምክ አይደል?»

«ሂዳያ፣ በአላህ፣ እንደሱ አይደለም። እኔ...» ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰም። እንባው ነበር የቀደመው። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ እጇ ሳታስበው ወደ ፊቱ ተነሣ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። ጋሽ ሐምዱ ደጅ ናቸው። ሙጀሂድ ሞጁሉን ትቶ ወጣ። እሷም «ቆይ» ልትል ፈልጋ «ሂድ» አለች፣ ከዛ ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷን ስትጠይቅ ዋለች።

ወደ ምሳ አካባቢ፣ ከደጅ ሆነው ሁሉንም የሰሙት አባቷ አጠገቧ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ምን ላድርግ?»

ጋሽ ሐምዱ ጢማቸውን ዳበሱ። «ውሸት ሐራም ነው፣ ልጄ። ይሄ ግልጽ ነው።» ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ሰባት ወር ተሳዳቢ አባት ችሎ፣ በዚያ መንገድ እየተመላለሰ... እሱም ቀላል ነገር አይደለም።» ተነፈሱ። «እኔ እንጃ። ጨርቅ ቢሆን ለክቼ ይሄን ያህል ነው እልሽ ነበር።»

እሷ ከአባቷ የጠበቀችው መልስ ነበር። ያገኘችው የራሷን ግራ መጋባት ጢም አብቅሎ ነው።

ማክሰኞ የሞጣው ሚኒባስ ሹፌር ሱቁ በር ላይ ጥሩንባ ነፍቶ ፖስታ አቀበላት። በእጁ የጻፈው ነው፤ ያ እንደ ዶሮ ጭረት ያለው ጽሑፉ። እንዲህ ይላል፦

«ሂዳያ፣

ደውዬ ነበር፣ አላነሳሽም፤ መብትሽ ነው። እሑድ የተናገርሽውን ሁሉ መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። ልክ ነሽ። አንቺን ላለማጣት ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ግን አንቺን ሳልጠይቅ ነው ያደረግኩት። ይቅር በይኝ።

ስለ ኢኤም ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥያቄዎቹን መሥራት እችል ነበር፣ እውነት ነው። ግን መስከረም ላይ ባዶ የክር መጠቅለያ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመሽ፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝተሽ፣ የጋሽ ሐምዱን መርፌዎች ከመሬት ስታስነሺበት ታስታውሻለሽ? አራት ዓመት የጻፍኩትን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስስቅ አይተሽኝ ከሆነ የሳቅሁት ለዚያ ነው። በአንቺ አልሳቅሁም። እስክሞት አልስቅም።

ትናንት ለአባቴ እውነቱን ነገርኳቸው። መጀመሪያ መዝገብ ሊወረውሩብኝ ነበር። ከዛ ቁጭ አሉ። ‹ሰባት ወር ስድቤን የቻልከው ለአንዲት ልጅ ብለህ ነው?› አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ‹የማን ልጅ ናት?› አሉ። የልብስ ሰፊው የሐምዱ አልኳቸው። መዝገቡን ዘጉት። ከዛ ‹እንግዲያው ልጅቷን ማየት አለብኝ› አሉ። ወላሂ እንዲህ ነው ያሉት!

ሳታልፊ ሽማግሌ እንዳልልክ ብለሽኛል። እኔ ግን እንዲህ አሰብኩ። ካለፍሽ በኋላ ብልክ ‹ስላለፍኩ ነው› ትያለሽ። ከወደቅሽ በኋላ ብልክ ‹አዝኖልኝ ነው› ትያለሽ። ውጤትሽን እኔም አንቺም ሳናውቀው ልላክ። ፈተናሽ ሐሙስ ነው። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌ ከሞጣ ሊነሡ ዝግጁ ናቸው። ‹ይምጡ› ካልሽ ይመጣሉ። ‹ይቅሩ› ካልሽ ወይም ዝም ካልሽ ይቀራሉ። ከእንግዲህ በአንቺ ቦታ አልወስንም።

ሙጀሂድ»

ሂዳያ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንደኛው ላይ ተናደደች፣ ሁለተኛው ላይ መዝገቡ ጋ ስትደርስ ሳቀች፣ ሦስተኛው ላይ «በአንቺ ቦታ አልወስንም» የሚለው ላይ ደርሳ ማንበብ አቃታት። ሰባት ወር ሙሉ ሲወስንላት ተናድዳ ነበር። አሁን አንቺ ወስኚ ሲላት ደግሞ እንዴት ከበዳት!

ሐሙስ ጠዋት፣ ዩኒቨርሲቲው በር። ተፈታኞቹ ተሰልፈዋል፤ የሚያጠና አለ፣ ዱዓ የሚያደርግ አለ፣ የሚያማትብ አለ። ሂዳያ መንገድ ላይ ስትመጣ ወስናው ነበር፤ ከፈተናው ስወጣ እመልስለታለሁ ብላ። በቃ፣ ቀላል!

ሰልፉ ሲጠጋ ግን ድንገት ገባት። ከፈተናው ስትወጣ እንዴት እንደሠራች ታውቃለች። ጥሩ ሠርታ «ይምጡ» ብትለው፣ መልሱን የሰጠው ውጤቱ ነው። አበላሽታ «ይቅሩ» ብትለውም ውጤቱ ነው። እሱ ሳያውቅ ልላክ ካለ፣ እሷም ሳታውቅ ነው መመለስ ያለባት። አሁን። እዚህ። ስልክ ሳይቀበሏት።

አወጣችው። «ይምጡ» ብላ ጻፈች። የሚዋሽ ሰው አግብታ ነገ ደግሞ ምን ቢደብቃት? «ለአንቺ ብዬ ነው» እያለ ዕድሜዋን ሙሉ ቢደብቃትስ? አጠፋችው። «ይቅሩ» ብላ ጻፈች። ያ ፊት፣ ያ አፉ ሳይስቅ የሚስቀው ዓይን፣ በደንበኛ ፊት ሁሉ ሲዋረድ የከረመው... ማን ያደርግላታል እንደዚህ? አጠፋችው። ኮስተር ብላ ልትናደድበት ሞከረች፣ ናፈቃት። ልትናፍቀው ስትል ተናደደች። ሁለቱም እውነት ነበሩ፣ ሁለቱም እኩል ያማሉ።

«እህቴ!» አለቻት ጥበቃዋ ቅርጫቱን ዘርግታ። «ስልክ!»

«አንዴ ብቻ፣ በአላህ።»

«ሰው ከኋላሽ አለ እኮ፣ ቶሎ በይ!»

ባዶው መጻፊያ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም ትላለች። ሂዳያ አውራ ጣቷን አነሣች። ልቧ እንዲህ ሲመታ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም፤ ፍርሃት ይሁን ፍቅር ግን፣ ወላሂ፣ አልለየችውም።

እኔ በበኩሌ ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ! ዘሚራ «ይምጡ» ነው የምትለው፤ ዘሚራ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትመልሰው። ዋሽቶ የወደዳችሁን ልጅ፣ እውነቱን ከነገራችሁ በኋላ ትቀበሉታላችሁ? ወይስ ያን ሁሉ ፍቅሩን አይታችሁም ቢሆን በቃን ትላላችሁ? ጥበቃዋ ቅርጫቱን ዘርግታለች፣ ሽማግሌዎቹ ሞጣ ላይ ይጠብቃሉ፣ ስልኩ በእጃችሁ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትጽፉለት ነበር?